ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚጓዙ ሰዎች የሚሰጥ የሕክምና ምክር፦ የከፍታ ሕመምን ስለ መከላከል

መግቢያ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስና በዙሪያው፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የጉባኤ አዳራሾችና ታላላቅ ሆቴሎች ተቀራርበው ይገኛሉ። ለስብሰባ የመጣ እንግዳ፣ ለዕረፍት ከውጭ አገር የተመለሰ ኢትዮጵያዊ፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ተራራ ለመውጣት ያቀደ የከተማችን ነዋሪ ጉዞውን ከዚህ አካባቢ ሊጀምር ይችላል። ከአስጎብኚ ድርጅት ጋር ይዋዋላል፤ ወደ ጎንደር የአንድ ሰዓት ያህል በረራ ያደርጋል፤ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። ከመነሳቱ በፊት ወደ ሕክምና ጎራ ቢል ስለ ወባ መከላከያና ስለ ተቅማጥ መድኃኒት ይጠይቅ ይሆናል። ስለ ከፍታው ግን የጤና ባለሙያው ራሱ ካላነሳበት በቀር ላያስበው ይችላል።

የከፍታ ሕመም የሚመጣው ከተራራው ቁመት ብቻ ሳይሆን ከአወጣጡ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ቀዳሚው መከላከያ መድኃኒት ሳይሆን የጉዞው መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩን ለመመርመርና ለማስተካከል የሚመቸው ጊዜ ደግሞ መንገደኛው ገና አዲስ አበባ ሳለ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በከተማችን የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ይህን አጋጣሚ እንዲጠቀሙበት ለማሳሰብ ነው።

የአየሩ ሁኔታ

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ ጫፍ ያው 21 በመቶ ያህል ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ጠለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት በአዲስ አበባ ወደ 575፣ በራስ ዳሸን ጫፍ ደግሞ ወደ 440 ይወርዳል። በአተነፋፈስ ጊዜ በአየር ቧንቧ ውስጥ የሚጨመረው የውኃ ተን ግፊት ሲቀነስ፣ በራስ ዳሸን ላይ የሚሳበው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ፣ አዲስ አበባ ካለውም ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል።

ሰውነት ይህን ጉድለት የሚቋቋመው በመጀመሪያ አተነፋፈስን በማብዛት ነው። አተነፋፈስ ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ደሙም ወደ አልካሊነት ያደላል። ኩላሊት ባይካርቦኔትን አስወግዶ ሚዛኑን እስኪመልስ ድረስ ቀናት ያስፈልጋሉ። ከከፍታ ጋር መላመድ የምንለው በዋነኛነት ይህንን ሂደት ነው። ጉልበትና የአካል ብቃት ሂደቱን አያፋጥኑትም። እንዲያውም ብርቱው ወጣት ፈጥኖ ስለሚወጣ ከደካማው ጓደኛው ቀድሞ ሊታመም ይችላል።

የጉዞው መስመርና አደጋው

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በአገራችን ከፍተኛው የሆነው ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የተለመደው የእግር ጉዞ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከሆነችው ከደባርቅ ይነሳል፤ በሳንካበር በ3,250፣ በግጭ በ3,600፣ በጨነቅ በ3,620 ሜትር አካባቢ ድንኳን እየተተከለ ይታደራል። ከጨነቅ በኋላ የ4,430 ሜትሩ ቧሂት ታልፎ ወደ አምቢቆ ይወረዳል፤ በማግስቱም የራስ ዳሸን ጫፍ ተወጥቶ ይመለሳል። ይህ መስመር ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ የማደርን መልካም ልማድ የያዘ ነው።

ችግር የሚፈጠረው ጉዞው ሲያጥር ነው። የመኪናው መንገድ ጨነቅ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ከ2,100 ሜትር ገደማ ከጎንደር የተነሳ ሰው በዚያው ዕለት በ3,600 ሜትር ላይ ሊያድር ይችላል። ከባሕር ዳርቻ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ አውሮፕላን ብቻ ለውጦ ወደ ጎንደር ያለፈ ከሆነ ሰውነቱ ለመላመድ ጊዜ አላገኘም።

ራስ ዳሸን ገመድና የበረዶ መጥረቢያ አይጠይቅም። ከእርሱ 250 ሜትር ያህል ብቻ የሚበልጠውን ሞን ብላን በአልፕስ የበጋ ወራት የሚወጣ ሰው የበረዶውን አደጋ በዓይኑ እያየ ይጠነቀቃል፤ አደጋ ቢደርስበትም የሄሊኮፕተር ነፍስ አድን አገልግሎት አለ። በእኛ ተራሮች ግን መንገዱ ለእግር የሚመች በመሆኑ ከፍታው ይረሳል፤ ታማሚው የሚወርደውም በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ነው። ባሌም ተመሳሳይ ነው። የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን 4,377 ሜትር ወደሆነው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ መኪና ይወጣል። አምባውን በመኪና አቋርጦ ማምሻውን ዝቅ ወዳለ ስፍራ የሚወርድ መንገደኛና በዚያው ድንኳን ተክሎ የሚያድር መንገደኛ የተለያየ ምክር ያስፈልጋቸዋል።

ደገኛ መሆን ይከላከላልን?

“እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አይጎዳኝም” የሚል አስተያየት ሊቀርብ ይችላል። አነጋገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሂሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በባሕር ዳርቻ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ የማይለይ፣ ከአንዲስ ደገኞች ግን የተለየ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በባሌ ከፍታ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ሂሞግሎቢን በሰሜን ከሚኖሩት አማሮች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በአገራችን ደገኞች መካከል እንኳ የመላመዱ መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም።

ሆኖም እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት በዚያው ከፍታ ተወልደው በዚያው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ለ2,400 ሜትር እንጂ ለ4,000 ሜትር የተላመደ አይደለም። በዋሽንግተን ወይም በሮም ዓመታት የኖረ ወገናችን ደግሞ ይህንንም አጥቶታል። በከፍታ ኖረው ወደ ቆላ የወረዱ ሰዎች ሲመለሱ በሳንባ ውኃ መቋጠር የሚታመሙበት ሁኔታ በሌሎች አህጉራት ተራሮች ላይ በሚገባ ተመዝግቧል። የጤና ባለሙያው ሊጠይቅ የሚገባው የትውልድ አገርን ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የት እንዳደሩ ነው።

ሦስቱ የሕመም ዓይነቶች

አጣዳፊ የተራራ ሕመም ከሦስቱ በብዛት የሚታየው ነው። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የራስ መዞር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በተሻሻለው የሌክ ሉዊዝ መመዘኛ መሠረት እያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። በቅርቡ ከፍ ወዳለ ስፍራ የወጣ ሰው ራስ ምታት ኖሮት ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ እንዳለበት ይቆጠራል።

የአንጎል እብጠት የዚሁ ሕመም የመጨረሻ ደረጃ ነው። ታማሚው ይደናገራል፣ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ሳይታከም ከቆየም ራሱን ይስታል። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው ሰው ሌላ ምርመራ ሳይጠበቅ መውረድ አለበት። ይህን ፈተና ማንኛውም አስጎብኚ በአምስት ደቂቃ ሊማረው ይችላል።

የሳንባ ውኃ መቋጠር ብዙውን ጊዜ ከፍታው ላይ በተደረሰ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። የመጀመሪያ ምልክቱ ከጓደኞች ወደ ኋላ መቅረት ነው። ከዚያ ደረቅ ሳል፣ ተቀምጦም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ በመጨረሻም ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታ ይከተላል። የራስ ምታት ሳይቀድመው ሊመጣ ስለሚችል ያታልላል።

ከመነሳት በፊት የሚሰጥ ምክር

1. የማደሪያ ከፍታዎችን ቀን በቀን ማስጻፍ። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል። የሚወሰነው በማደሪያው እንጂ ቀን በተደረሰበት ከፍታ አይደለም።

2. በአዲስ አበባ የሚቆዩትን ቀናት እንደ መከላከያ መጠቀም። ከ2,200 እስከ 3,000 ሜትር ባለ ከፍታ ስድስት ወይም ሰባት ቀን መቆየት ሕመሙን እንደሚቀንስ ይታወቃል። ስለዚህ በካዛንቺስ የሳምንት ጉባኤ የሚካፈል እንግዳ ተራራውን ከጉባኤው በፊት ሳይሆን በኋላ እንዲያደርገው መምከር ያለ ወጪ የሚሰጥ መከላከያ ነው።

3. ቀስ ብሎ መውጣት ለማይችል ወይም ቀድሞ ታምሞ ለሚያውቅ አዋቂ አሴታዞላማይድ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ መስጠት ይቻላል። የጣቶች መደንዘዝና የሽንት መብዛት እንደሚኖር ሊነገረው ይገባል። ለሱልፋ መድኃኒቶች ከባድ አለርጂ ላለበት አይሰጥም።

4. የሳንባ ወይም የልብ ሕመም፣ እርግዝና፣ የማጭድ ቅርጽ ቀይ የደም ሕዋስ ዝርያ ያለባቸውን መለየት። ቀድሞ በከፍታ የሳንባ ውኃ መቋጠር የደረሰበት ሰው የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል።

5. የመውረጃውን ዕቅድ መጠየቅ። በቅሎ አለ? ስልክ ከየት ይሠራል? በደባርቅ ሆስፒታል፣ ለከፍተኛ ሕክምናም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2023 ከተቀሰቀሰው ግጭት ወዲህ የመንገዱን ጸጥታ አስቀድሞ ማረጋገጥ የሕክምናው ዝግጅት አካል ነው።

በስፍራው የሚደረግ እርዳታ

ሕጉ ሦስት ነው። በከፍታ ላይ የተነሳ ማናቸውም ሕመም ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ተደርጎ ይታያል። ምልክት ያለበት ሰው ወደ ላይ አይወጣም። እየባሰበት የሄደ፣ የተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል፤ ብቻውን ግን አይላክም።

ከ300 እስከ 1,000 ሜትር መውረድ ብዙውን ጊዜ ግልጽ ለውጥ ያመጣል። ኦክስጅን ካለ ሙሌቱ ከ90 በመቶ በላይ እስኪሆን ይሰጣል። ለአንጎል እብጠት ዴክሳሜታዞን በመጀመሪያ 8 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ 4 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለሳንባ ውኃ መቋጠር መውረድም ኦክስጅንም ካልተቻለ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ኒፌዲፒን 30 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ይረዳል። መድኃኒት ጊዜ ይገዛል እንጂ መውረድን አይተካም።

ከተራራ የወረደን ታማሚ የሚቀበል ባለሙያ ግን ሁሉንም በከፍታ እንዳያመካኝ ይጠንቀቅ። ትኩሳት ያለበት መንገደኛ በቆላ ያገኘው ወባ፣ ተስቦ፣ ግርሻ ወይም የሳንባ ምች ሊኖርበት ይችላል። በከፍታ የመጣ የሳንባ ውኃ መቋጠርም መጠነኛ ትኩሳት ሊያሳይ ስለሚችል፣ በኦክስጅንና በመውረድ በፍጥነት መሻሉ ለመለየት ይረዳል።

ክረምትና አብረው የሚጓዙ ሠራተኞች

የሰሜን ንፍቀ ክበብ የበጋ ዕረፍት ለእኛ ክረምት ነው። ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ትምህርት በሚዘጉበት በሐምሌና በነሐሴ ተራራውን ለማየት ይፈልጋሉ። በእነዚህ ወራት ዝናቡ፣ ጉሙና ጭቃው ይበረታል፤ የራሰ ልብስና ነፋስ ተደምረው የሰውነትን ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርዱ ይችላሉ። የሚንገዳገድና የሚደናገር ሰው ብርድ ይሁን ከፍታ የመታው መለየት ባይቻል ሁለቱም በአንድነት ይታከማሉ፤ ደረቅ ልብስ ይለብሳል፣ ይሞቃል፣ ይወርዳል። የሚመረጠው የጉዞ ጊዜ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ያለው ደረቅ ወራት ነው።

በመጨረሻም ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ነጂውና ከከተማ የመጣው አስጎብኚ መዘንጋት የለባቸውም። እንግዳው ሞቃት ልብስና መድኃኒት ይዞ ሲመጣ እነርሱ በስስ ነጠላ ሊያድሩ ይችላሉ። ሥራቸውን ላለማጣት ሲሉ ሕመማቸውን ሊሸሽጉም ይችላሉ። ለቡድኑ የሚዘጋጅ የመድኃኒት ሣጥንና የመውረጃ ዕቅድ ለሁሉም እኩል መሆን አለበት።

ማጠቃለያ

የከፍታ ሕመም በጊዜ ከታወቀ በመውረድ የሚድን፣ ከተናቀ ግን በአንድ ሌሊት የሚገድል ነው። ተራራው ላይ ሐኪም የለም፤ ያለው አስጎብኚው፣ በቅሎውና መንገደኛው ከከተማ ይዞት የወጣው ምክር ነው። ስለዚህ በሕክምና ክፍላችን “ወዴት ነው የሚሄዱት?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ “በየቀኑ የት ያድራሉ?” ብለን እንጠይቅ። የአስጎብኚ ድርጅቶችም ታማሚን የማውረድ ሥልጣን ለአስጎብኚው በግልጽ እንዲሰጡ፣ የተከፈለበት መርሐ ግብር ስለ ተቋረጠ ማንም እንዳይወቀስ ብናሳስብ፣ በቀላል ድካም ሕይወት ልናድን እንችላለን።