የእንጅባራ ድንጋይና የነጋዴው ካርታ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ነጋዴ እንጅባራ አጠገብ ሲደርስ፣ ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ በደን የተከበበውን ክቡን የዘንገና ሐይቅ ያገኛል። የሐይቁ ጥልቀት ከ150 ሜትር ይበልጣል። ብዙው መንገደኛ ውበቱን አድንቆ ሲያልፍ፣ የሥነ ምድር ባለሙያ ግን በዳርቻው ያለውን ድንጋይ ይመረምራል፤ ከጥልቅ የወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በፍንዳታ የከፈተው ጕድጓድ መሆኑን ከዚያ ይረዳልና።

እንዲህ ያለውን ምርመራ በቀለምና በመስመር በወረቀት ላይ ማስፈር የሥነ ምድር ካርታ ሥራ ይባላል። ሕጉ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከላይ የተነጠፈው ከሥሩ ካለው በኋላ የመጣ ነው። በዚሁ ሕግ የጨረቃም ገጽ ተነቧል። ዩጂን ሹሜከር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1960 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ያለው ታላቅ ጕድጓድ ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ የተከፈተ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማዕድን አሳየ፤ ጨረቃን በካርታ የማስፈሩንም ሥራ መራ። መላዋ ጨረቃ በ1 ለ5,000,000 መጠን በአንድ ካርታ የወጣችው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው። የዘንገናና የአሪዞና ጕድጓዶች ሁለቱም ክብ ናቸው፤ አፈጣጠራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። መልክን ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይበቃ ድንጋይ የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የአገራችን ካርታ በካዝሚን አዘጋጅነት በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው እትም ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መጠኑ 1 ለ2,000,000 ስለሆነ አንዱ ሳንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ይይዛል። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ በዚህ ወረቀት ላይ ስድስት ሳንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ የካባ ድንጋይ ቦታ ለመከራየት የሚያስብ ሰው በ1 ለ250,000 የተሠራውን ዝርዝር ካርታ ይጠይቅ።

ካርታው ስለ እንጅባራ የሚለው ግልጽ ነው። የጎጃም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከጣና በስተ ደቡብ ደግሞ ከዚያ እጅግ የዘገየ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ተደርቦበታል። ለጠጠርና ለግንብ የሚሆን ድንጋይ እዚያው ሞልቷል።

የሚጎድለው ኖራ ነው። ብዙው ዝናብ የደጋውን አፈር ካልሲየም አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ ኮምጣጣ ይሆናል፣ ምርቱም ይቀንሳል። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬዎች በደከመው ማሳቸው ላይ ዲከረንስ ተክለው ወደ ከሰል ንግድ የገቡት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። አፈሩን የሚያክመው የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ተቀብሮ ሳለ፣ ዓባይ ሸለቆውን ቆርጦ ባወጣበት በደጀን በኩል ይገኛል። ከዚያ እስከ እንጅባራ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ገበሬውን የሚከብደውም ከድንጋዩ ይልቅ የማጓጓዣው ኪራይ ነው።

ከእንጅባራ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ካሚዮን ግን በመልሱ በደጀን ያልፋል። ባዶውን የሚመለስ ከሆነ የተፈጨ ኖራ ቢጭን ኪራዩ ምን ያህል ሊቀንስ እንደሚችል፣ ባለ ካሚዮኖችና የገበሬ ማኅበራት ከክረምቱ በፊት ተቀምጠው ሊያሰሉት ይገባል።