የከሰረ ነጋዴ መዝገብ በሆመቾ አይገኝም

ሆመቾ ላይ እህል በዱቤ ያስረከበ ነጋዴ፣ ደንበኛው ሱቁን ዘግቶ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የወረዳውን ፍርድ ቤት በር ነው። እንደ ገንዘቡ መጠን የብድር ክስ እዚያው ሊከፍት ይችላል። የመክሰር ጉዳይ ግን ከወረዳ ያልፋል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መክሰርን ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሰጠ፣ የሆመቾ ሰው መዝገብ የሚጠይቀው ሆሳዕና ወርዶ ነው። መዝገብ ቤት ፋይል የሚፈለገው በተከራካሪዎች ስምና በመዝገብ ቁጥር ነው።

የሁለቱ መንገዶች ውጤት ይለያያል። በተራ የገንዘብ ክስ ቀድሞ አስፈርዶ ያስፈጸመ ቀድሞ ይወስዳል። በመክሰር ግን የባለዕዳው ንብረት በአንድ ጠባቂ እጅ ይገባል፤ ገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ ይመዘገባሉ፤ መያዣ የሌላቸው ከተረፈው እንደ ድርሻቸው ይካፈላሉ። አቤቱታውን ባለዕዳው ራሱ ወይም ገንዘብ ጠያቂው ማቅረብ ይችላል። ገንዘብ ጠያቂው ውሉን፣ የዱቤ ደረሰኙንና የተመለሰ ቼክ ካለው ቼኩን ይዞ ይቀርባል። የ1952ቱን ሕግ በከፊል የተካው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ደግሞ ድርጅቱ ከመፍረሱ በፊት መልሶ የሚደራጅበትን መንገድ ከፍቷል።

ባንኮች ግን ይህን ወረፋ አይጠብቁም። አዋጅ ቁጥር 90/1990 ሳይሆን ቁጥር 97/1990 ያስያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዶላቸዋል። በዱቤ የሸጠው ነጋዴ የሚደርሰው ከባንክ የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የደንበኛው ቤትና መኪና በባንክ መያዙን አስቀድሞ ማጣራት፣ ኋላ ሆሳዕና ከመመላለስ ይረክሳል።