ወጡ ሲቀጥን፦ የዋግ ኽምራ ገበታና የሳምንቱ ወጪ



በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ዘወትር የሚበላው ምግብ በአብዛኛው ከዕፅዋት የሚዘጋጅ ነው። ይህ አዲስ የአመጋገብ ፈሊጥ አይደለም። ረቡዕንና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት፣ ሌሎቹንም አጽዋማት የሚጠብቅ ሕዝብ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ማብሰልን ለዘመናት ተክኖበታል። ጾም ባልሆነ ቀንም ቢሆን የብዙው ቤት አቅም ከእንጀራና ከሽሮ እምብዛም አያልፍም። እንግዲህ ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ጥያቄ፣ የሳምንቱ ገንዘብ ሲያጥር ከዚህ ገበታ ላይ ቀድሞ የሚቀነሰው ምንድን ነው የሚለው ነው።

መልሱን ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቀዋለች። እንጀራው እንዳለ ይቆያል፤ ወጡ ግን ይቀጥናል። የሽሮው ዱቄት በግማሽ ይቀነሳል፣ ውኃው ይጨመራል፣ ዘይቱም ይቀራል። ሆድ ስለሚሞላ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም።

ጉዳቱን በአኃዝ ላስረዳ። 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጎልማሳ በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ በቀን 46 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ዋና እህል የሆነው ማሽላ፣ በ400 ግራም ዱቄት በግርድፉ 40 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በዚህ ስሌት ጉድለቱ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በማሽላ ውስጥ እጅግ አነስተኛ ነው። ያው ሰው በቀን 1,650 ሚሊ ግራም ላይሲን ሲያሻው፣ ከማሽላው የሚያገኘው 800 ያህል ብቻ ነው። 80 ግራም የአተር ወይም የባቄላ ሽሮ ሲታከልበት ግን ከ1,100 ሚሊ ግራም በላይ ይጨመርና መጠኑ ይሟላል። በጤፍና በገብስ ጉድለቱ ይጠብባል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። 80 ግራም በሳምንት ሲሰላ ለአንድ ሰው ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ጥራጥሬ ማለት ነው። ከገበያ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ ተለይቶ መቀመጥ ያለበት ድርሻ ይህ ይመስለኛል።

የሚቀነስ ካለ ከስኳሩና ከቡናው ይቀነስ። በእርግጥ «ቡና ቀንሱ» የሚል ምክር በሰቆጣ ሰሚ እንደማያገኝ አውቃለሁ። ቢያንስ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ቡናና ሻይ ከጤፍና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉና። በአንጻሩ ከሽሮ ጋር በጥሬው የሚበላ አንድ ቃሪያ በያዘው ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲሰርግ ያግዛል። የእንጀራው እርሾም እንዲሁ ነው፤ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይሰብራል።

ርካሽ ሽሮ ሲፈለግ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጓያ ድርቅን ይቋቋማል፣ በዋጋም ከአተርና ከሽምብራ ያንሳል፤ በክፉ ቀንም ብዙ ሕይወት አትርፏል። ሆኖም ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይድንም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ከሌላ ጥራጥሬና እህል ጋር ተቀላቅሎ፣ ከጠቅላላው ምግብ ጥቂቱን ድርሻ ብቻ ሊይዝ ይገባል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጎልማሳ ነው። የሕፃን ነገር ይለያል። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በዚችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 ከመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ።

የ8 ኪሎ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከሩብ ሊትር አይበልጥም። ቀጭን አጥሚት ከሆነ የሚሞላው በውኃ ነው። ወፍራም ገንፎ ደግሞ ሕፃኑ ሊውጠው ያዳግተዋል። መፍትሔው ለጠላ የምናዘጋጀው ብቅል ነው። ሦስት እጅ እህልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ተፈጭቶ በወፍራሙ ከተገነፋ በኋላ ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የብቅል ዱቄት ቢታከልበት፣ ገንፎው ውኃ ሳይጨመር ይቀጥናል። ከዚያም ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት መልሶ ይፈላል።

ያም ሆኖ ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም። ከጡት ወተቱ ሌላ ሕፃኑ እንቁላል ወይም የፍየል ወተት ያሻዋል። እንቁላሉ ደግሞ ጨውና ሳሙና ለመግዛት ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ከሚሸጠው ላይ ጥቂቱ ለሕፃኑ ይቅር ማለት የቤቱን ወጪ እጅግ አያናጋም። በጾም ወራት የሚሰማው ሥጋት ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ለጾም ባታስገድድም፣ እናቶች የጾም ዕቃው እንዳይነካካ ይፈራሉ። ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ መለየት ይህን ጭንቀት ያቃልላል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።