ለትንሽ መተግበሪያ ኩበርኔቲስ ያስፈልገዋልን?



ጉግል በ2014 እ.ኤ.አ. ኩበርኔቲስን ይፋ ሲያደርግ፣ መሠረቱ ቦርግ በተባለው የውስጥ ሥርዓቱ እጅግ ብዙ ማሽኖችን በማስተዳደር ያካበተው ልምድ ነበር። የሚፈታውም ችግር የብዙ ማሽኖች ችግር ነው፦ የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ማሽን ላይ ይሥራ? አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሥራው ወዴት ይዛወር?

የአንድ ትምህርት ክፍል የምዝገባ መተግበሪያ አንድ ሰርቨር የሚበቃው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ አይነሣበትም። የቆመን ኮንቴይነር መልሶ ማስነሣት ዶከር ራሱ ይችላል። ሰርቨሩ ከወደቀ ደግሞ በላዩ የተተከለው ኩበርኔቲስም አብሮት ይወድቃል። የአንድን ማሽን መጥፋት መቋቋም ከተፈለገ፣ የሥርዓቱን ሁኔታ የሚመዘግበው ኢቲሲዲ በአብላጫ ድምፅ ስለሚሠራ፣ ቢያንስ 3 አባላት በ3 ማሽኖች ላይ ይሻል። እያንዳንዱ ንዑስ ዕትም የሚደገፈው ለ14 ወራት ያህል ብቻ ስለሆነም የማሻሻሉ ሥራ ማብቂያ የለውም። ተከላውን ያከናወነው ተማሪ ሲመረቅ ማን ይረከበዋል?

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ፦ ሥራው ከአንድ ማሽን አቅም በላይ ነውን? የአጭር ጊዜ መቋረጥ ከባድ ጉዳት ያስከትላልን? ሥርዓቱን ዘወትር የሚጠብቅ ባለሙያ አለን? ሦስተኛው መልስ «የለም» ከሆነ፣ የቀሩት ሁለቱ «አዎን» ቢሆኑ እንኳ የሚበጀው በሌላ አካል የሚተዳደር አገልግሎት መከራየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አይደለም» ከሆኑ ግን አንድ ሰርቨር፣ ዶከር ኮምፖዝ፣ እንዲሁም በሌላ ስፍራ የተቀመጠና መልሶ መጫኑ የተፈተነ የመረጃ ቅጂ ይበቃሉ። የጠፋን መረጃ ኩበርኔቲስ አይመልስምና፣ ድካማችንን አስቀድመን በዚህ ላይ እናውል።