ጤፍ ሁሉ እንጀራ፣ እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም

ሰሞኑን በምግብ አዳራሽ ክርክር ገጥመን ነበር፤ ሐኪም ስንዴ የከለከለው ጓደኛችን እንጀራ ይብላ ወይስ ይተው?

በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሊጡን እንደ ላስቲክ እየሳበ አየር ይይዝና ዳቦውን ኩፍ ያደርገዋል። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ሲበላ የገዛ አካሉ መከላከያ ትንሹን አንጀት ይጎዳዋል። ስንዴ ለዚህ ሕመም ምክንያት መሆኑን የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ጽሑፍ አስረድቷል። ሕክምናውም ግሉተንን ፈጽሞ መተው ነው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ታዲያ እንጀራው ስለ ምን አይፈርስም? እናቶቻችን ምሥጢሩን ያውቁታል፤ ይኸውም አብሲት ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱን በፈላ ውሃ አብስለው ሲመልሱት ወፍሮ ሊጡን ያያይዘዋል፤ ዓይኑም እንዲያምር ይረዳል።

አደጋው ያለው ከቅይጡ ላይ ነው። ሩዝ ወይም ማሽላ ቢቀየጥ ግሉተን አይጨምርም፤ ስንዴ ወይም ገብስ ከገባበት ግን ለሕመምተኛው መርዝ ነው። እርሾውም ከቅይጥ ሊጥ የተረፈ፣ ወፍጮውም ስንዴ ሲፈጭ የዋለ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ «ጤፍ ነው፣ ግዴለም ብላ» ከማለታችን በፊት፣ «ምን ተቀይጦበታል?» ብለን ጋጋሪዋን እንጠይቅለት።