ሞተር ሳይክልን በተሽከርካሪ ጀርባ ጭኖ ለማጓጓዝ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ሞተር ሳይክል ወይም ስኩተር ረጅም መንገድ ሲሄድ ከመነዳት ይልቅ በሌላ ተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ መጓዙ የተለመደ ነው። ለመስክ ሥራ የሚንቀሳቀሱ ሠራተኞች፣ ለጥገና የሚወስዱ ባለንብረቶችና አዲስ ገዝተው ወደየአካባቢያቸው የሚመለሱ ዜጎች ደብል ጋቢና ፒክአፕ ይጠቀማሉ። በሚኒባሶችና መኝታ በተበጀላቸው የጉዞ መኪኖች ላይ ደግሞ ከኋላ የሚገጠም የብረት መያዣ አለ። በሁለቱም አጫጫን የጉዞውን ደኅንነት የሚወስነው የሞተር ሳይክሉ ክብደት ብቻ ሳይሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታም ጭምር ነው።

ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ

ከኋላ አክስል አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት የተሽከርካሪውን ጀርባ ወደ ታች ሲጫን ፊቱን ወደ ላይ ያነሳል። ለምሳሌ በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ባለው ተሽከርካሪ ላይ 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል 30 ኪሎ ግራም ከሚመዝን መያዣ ጋር ተጫነ እንበል። የጭነቱ መሃል ከኋላ አክስል 1.5 ሜትር ወደ ኋላ የሚርቅ ከሆነ፣ በኋላ አክስል ላይ የሚጨምረው ክብደት 150 ሳይሆን 225 ኪሎ ግራም ይሆናል። ልዩነቱ የሆነው 75 ኪሎ ግራም ከፊት አክስል ላይ ይቀነሳል።

ተሽከርካሪው አቅጣጫ የሚይዘው በፊት ጎማዎች ሲሆን፣ አብዛኛው የፍሬን ኃይልም የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱ ሲቀል መሪው ይላላል፤ የመቆሚያ ርቀቱም ሊረዝም ይችላል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው የአባይ በረሃ መንገድ ባሉ ስፍራዎች ችግሩ ይጎላል። ዳገት ላይ ፊቱ ይበልጥ ይቀላል፤ በቁልቁለት ጥምዝ ላይ ደግሞ ከኋላ የተንጠለጠለው ክብደት ጀርባውን ወደ ውጭ ይገፋል።

በመሆኑም ባለንብረቱ ከኋላ የሚገጠም መያዣ ከማሠራቱ በፊት በሊብሬው ላይ የተመዘገበውን የጭነት ልክና አምራቹ ለኋላ አክስል የወሰነውን ክብደት ማገናዘብ ይኖርበታል። ተሳፋሪዎች፣ ነዳጅና ሌላ ዕቃም አብረው ይታሰባሉ። የተሽከርካሪ ምርመራ በሕግ የሚመራ በመሆኑ፣ ብየዳ ወይም የአካል ለውጥ የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን የትራንስፖርት ቢሮ ማማከር ይገባል።

በፒክአፕ ሲጫን

የደብል ጋቢና ፒክአፕ የጭነት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተር ሳይክሉ ቁመት ያጥራል። ብዙዎች የኋላውን ስፖንዳ ከፍተው የሞተር ሳይክሉን የኋላ ጎማ በላዩ ያሳርፋሉ። ሆኖም ስፖንዳውን የሚይዙት ሽቦዎች ኮረኮንች ወይም ፍጥነት መቀነሻ ላይ የሚነጥር ክብደት ለመሸከም የተሠሩ አይደሉም። ሞተር ሳይክሉ በሰያፍ ገብቶ ስፖንዳው የሚዘጋ ከሆነ ይህ ይመረጣል። ክብደቱ ወደ ኋላ አክስል ስለሚቀርብም መሪው ብዙም አይላላም።

አጫጫንና አስተሳሰር

• ሞተሩ ጠፍቶ፣ በጠንካራ ሳንቃ ላይ ቢያንስ በሁለት ሰው እየተገፋ ይጫን።
• የነዳጅ መዝጊያ ካለው ይዘጋ፤ ነዳጅ የሚያፈስ ሞተር ሳይክል ሳይጠገን አይጫን።
• የፊት ጎማው ከማይንቀሳቀስ አካል ጋር ይደገፍ፤ ማርሽ ያለው ከሆነ ማርሽ ውስጥ ይግባ።
• ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ማጥበቂያ ያላቸው ቀበቶዎች ይታሰሩ። የፊት ሞላዎቹ በመጠኑ እስኪታመቁ ድረስ መጥበቅ አለባቸው። ተራ ገመድ በጉዞ ላይ ስለሚላላ አይመከርም።
• ቀበቶው የፍሬን ቱቦ፣ የፍሪሲዮን ሽቦ ወይም የሚግል ጭስ ማውጫ እንዳይነካ ይደረግ።
• ሞተር ሳይክሉን ደግፎ እንዲይዝ በሚል ሰው በጭነቱ ቦታ ላይ እንዳይሳፈር።

መብራትና ሰሌዳ

ከኋላ የተጫነ ሞተር ሳይክል ወይም የተከፈተ ስፖንዳ የፍሬን መብራትን፣ ፍሬቻንና የሰሌዳ ቁጥርን ሊሸፍን ይችላል። ከኋላ የሚከተለው አሽከርካሪ ስለ መቆምና ስለ መታጠፍ የሚያውቀው በእነዚህ ምልክቶች ስለሆነ፣ ከመነሳት በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሁሉም በግልጽ መታየታቸውን ያረጋግጥ። የሁለቱም ተሽከርካሪዎች ሊብሬ በጉዞው ላይ ቢያዝ በፍተሻ ጣቢያ የሚነሳውን የባለቤትነት ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል።

በጉዞ ላይ

ቀበቶዎች በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይላላሉ። አሽከርካሪው ጥቂት እንደተጓዘ አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ ማጥበቅ፣ ከዚያም በየዕረፍቱ መመልከት ይኖርበታል። መሪው ከወትሮው ቀሎ ከተሰማው ወይም ጀርባው መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን በድንገት ሳይዝ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ቀንሶ ይቁም፤ ጭነቱንም ሳያስተካክል ጉዞውን አይቀጥል።