ከ3.5 ሚሊዮን ወደ 15

እ.ኤ.አ. በ1986 በአፍሪካና በእስያ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓመት በጊኒ ዎርም ይያዙ ነበር። በየአንድ ሜትሩ አንድ ሰው እያቆምን ብናሰልፋቸው ሰልፉ 3,500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በባቡር ሐዲዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄዶም ይተርፋል። በ2024 በመላው ዓለም የተገኙት ታማሚዎች ግን 15 ናቸው፤ ሁሉም በቻድና በደቡብ ሱዳን። ጠጋ ጠጋ ካሉ አንድ ሚኒባስ ይበቃቸዋል።

ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ክትባትና ያለ ፈዋሽ መድኃኒት ነው። ለዚህ በሽታ ሁለቱም የሉም።

ሰው በሽታውን የሚጠጣው ከኩሬ ውኃ ጋር ነው። ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ትል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር፣ ቆዳ በስቶ ብቅ ይላል። በትንሽ እንጨት ላይ እየተጠቀለለ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሳባል፤ ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። ከቸኮሉ ይበጠሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ታማሚው ቃጠሎው እንዲበርድለት እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ደግሞ ትሉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እጮችን ይለቃል። የአንድ ሰው እግር የመንደሩን ውኃ በሙሉ ይበክላል።

ይህን ሰንሰለት የበጠሰው ዋናው መሣሪያ በእንስራ አፍ ላይ የሚወጠር ማጣሪያ ጨርቅ ነው። ለእረኛና ለመንገደኛ ደግሞ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ጫፉ በወንፊት የተሸፈነ ቧንቧ ተሰጠ። ካርተር ሴንተር የተባለው ድርጅትና የየሀገሩ ጤና ሚኒስቴሮች ዘመቻውን ቢመሩም፣ ጨርቁን መኪና የማይገባበት መንደር ያደረሱት የዚያው መንደር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ «እግሩን ያበጠ፣ የቆሰለ ሰው አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከተገኘ ቁስሉን ያጥባሉ፣ ያሽጋሉ፣ ከኩሬውም ያርቁታል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1994፣ 1,252 ታማሚዎች ተመዝግበው ነበር። በ2024 በሰው ላይ አንድም አልተገኘም። ሥራው ግን አላበቃም፤ ትሉ በጋምቤላ ዝንጀሮዎችን፣ በቻድ ውሾችን ይይዛልና ጠያቂዎቹ አሁን ስለ እንስሳትም ይጠይቃሉ።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ዜሮ ነው። አንድ ታማሚ ለመመዝገብ አንድ ቤት መድረስ ይበቃል። ዜሮ ብሎ ለመጻፍ ግን ማንም የማይደርስበትን ጎጆ ጨምሮ የሁሉም ደጃፍ መረገጥ አለበት።